ወንድሜ የማይቀመጥባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው ረቡዕ ለጾም ሰላጣ ልሠራ ብዬ የኮምጣጤውን ጠርሙስ ስከፍት ሽታው ድንገት አፍንጫዬን ወጋኝና፣ ቲማቲሙ እንደተከተፈ፣ ቢላዋው በእጄ እንዳለ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እናቴ ከሳሎን ሆና «ምነው ዝም አልሽ? ቆረጠሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ እሷ ዝምታ ከሰማች የሚታያት ደም ነው። «አልቆረጠኝም እማዬ» አልኳት። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ለሌላው ሰው ኮምጣጤ የሰላጣ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የወንድሜ የናቲ ሽታ፣ የልጅነቴ የቅዳሜ ሽታ፣ የፍርሃት ሽታ ነው።

ናቲ ሃይስኩል እያለ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቶ ሲመጣ ያንን ትልቁን የትከሻ መከላከያውን ተሸክሞት ይመጣ ነበር፤ ላብ፣ ጭቃና የታጨደ ሣር ተቀላቅሎበት ናቲ ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ ሽታው ቀድሞት ቤት ይገባል። እናቴ ይህን የሚያሸንፍ ሳሙና አሜሪካ ውስጥ አልተሠራም ብላ ስለደመደመች የመታጠቢያ ገንዳውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታ፣ ኮምጣጤ ገልብጣበት መከላከያውን ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስገባ ደረትና ትከሻ ብቻ ያለው፣ ጭንቅላት የሌለው ሰው ገንዳችን ውስጥ በጀርባው ተኝቶ አገኛለሁ። ድንገት ቢነሣስ ብዬ ጥርሴን የምቦርሸው ከግድግዳው ተጣብቄ፣ ዓይኔን ከእሱ ላይ ሳልነቅል ነበር። እናቴ ደግሞ ተቃራኒው ነበረች፤ ስታጥበው ፊቷን ታዞራለች። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ስጠይቃት «የተሰነጠቀ ቦታ ካየሁ ምን ያህል እንደመቱት አውቃለሁ፤ ባላውቅ ይሻለኛል» አለችኝ።

ቤታችን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ነበር። ናቲ የሚተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ሲሆን እግሮቹ ከሶፋው አልፈው መተላለፊያውን ስለሚዘጉት ውሃ ልጠጣ ብሎ የተነሣ ሁሉ ሳይጋጫቸው አያልፍም። አባዬ ቀን የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፣ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ እማዬ ግሌንዴል አንዲት አርመናዊት አሮጊት ታስታምማለች፣ ተረካቢዋ ስትቀር ደግሞ የእሷንም ሰዓት ትሸፍናለች። እንዲህ ሁለት ሺፍት አከታትሎ መሥራት በእኛ ሰፈር ስሙ «ደብል» ነው። «ዛሬ ደብል ነኝ»፣ «ደብል ገባሁ»፣ «ደብሉ ገደለኝ» ሲባል እየሰማሁ ስላደግኩ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ደብል አማርኛ ይመስለኝ ነበር፤ ትርጉሙም ወገብ የሚይዝ በሽታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ናቲን ፉትቦል ኮሌጅ አስገባው። «በነጻ ይማራል» ሲባል እናቴ ጉልበቷ ምድር ነክቶ አመሰገነች፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያየች ቀን ግን «እንዲህ እየተደበደበበት ምኑ ነው ነጻ?» አለች። ኮሌጁ በመኪና የሚደረስበት ቢሆንም ስታዲየም ገብታ ማየት እንቢ አለች። ጨዋታው የሚተላለፍበት ቻናል ደግሞ ቤታችን ስለሌለ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ጥሩወርቅ ምግብ ቤት እንሰበሰብ ጀመር። የእትዬ ጥሩወርቅ ቴሌቪዥን በስም የእሳቸው ይሁን እንጂ ሪሞቱ ያለው ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ የነበሩት ጋሼ ደምሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ጋሼ ደምሰው ለእንግሊዝ ኳስ የሚሞቱ ሰው ናቸው። ሪሞቱን ሲሰጡን ልባቸው እየደማ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ኳስ ነው?» ይላሉ። «ቅርጹ እንቁላል፣ የሚያዘው በእጅ፣ ስሙ የእግር!»

የእኔ ሥራ ማስተርጎም ነበር። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ከአዋቂዎቹ መሃል በኩራት ተቀምጬ ማን ለማን እንደወረወረ፣ ለምን እንደተጮኸ፣ ለምን እንደቆመ እናገራለሁ። እናቴ ግን ትርጉሜን አትፈልገውም ነበር። ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ፣ ሻይዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ፊቴን ታያለች። ሌላው ሰው ጨዋታውን በስክሪን ያያል፤ እሷ ያየችው በእኔ ቅንድብ ነው። ቅንድቤ ከፍ ካለ ሻዩ ይፈስሳል። ስለዚህ ናቲ ወድቆ ሦስት ሰው ሲከመርበት እንኳ ፊቴን እንደ ፓስፖርት ፎቶ ማድረግ ተማርኩ፤ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሙያ የነበራት ልጅ በሎስ አንጀለስ አልነበረችም።

ያ ሁሉ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የማያውቀው ሲደናቀፍ «እኔን!» ሳይል የማያልፍ ሰው ነው። ይህን ሰው አምጥታችሁ በየደቂቃው ሰው የሚወድቅበት ጨዋታ ፊት አስቀምጡት። አንዱ ሲወድቅ ከጥግ «እኔን!»፣ ሌላው ሲገለበጥ ከወጥ ቤት በር «እኔን ይድፋኝ!»፣ ሲነሡ «ተመስገን!»፣ ሳይቆይ እንደገና «እኔን!»፤ ከሩቅ ለሚሰማው የማኅበር ጸሎት ይመስላል። አንድ ቀን ምሳ ሊበሉ የገቡ ሁለት ፈረንጆች የቡድናችን መፈክር መስሏቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። «ኦኬ፣ ባንተ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው» ብዬ ባስረዳቸው ተያይተው ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

ጥቅምት ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። እንግዲህ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን ይዘው የሚያጠቁት ልጆችና ኳሱ በሌላው እጅ ሲሆን የሚከላከሉት ልጆች የተለያዩ ናቸው፤ አንደኛው ወገን ሲሠራ ሌላው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ያርፋል። ናቲ አጥቂ ነበር፣ እየሮጠ ከሰማይ የሚወርድ ኳስ የሚቀበል። እናቴም የምትተነፍሰው እሱ በሚቀመጥባት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያኔ ሻይዋን ትጠጣለች፣ እትዬ ጥሩወርቅን ስለ ልጆቻቸው ትጠይቃለች። በዚያ ቅዳሜ ግን አንድ ተከላካይ ታሞ ኖሮ አሠልጣኙ ናቲን በእሱ ቦታ አስገባው።

«ለምንድነው የማይወጣው?» አለች እናቴ፣ ፊቴ ላይ አንድ ነገር አንብባ።

«አሁን ደግሞ ዲፌንስ ገባ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሶ... መጀመሪያ እነሱ ይመቱታል፣ ከዚያ ደግሞ እሱ ይመታቸዋል።»

«ሰው ጠፍቶ ነው?»

አባዬ ከፓርኪንግ በቀጥታ መጥቶ፣ የሥራ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ነበር የሚያየው። «ልጅሽ ደብል ገባ በያ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ሁሉም ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። «እኛ ደብል የምንገባው እሱ እንዳይገባ አልነበረም እንዴ?» አለችው። አባዬ ጃኬቱን አወለቀ።

ጋሼ ደምሰው ነገሩን ሊያበርዱ ብለው «ተይው እንጂ አስቴር፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባለው» አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ትሪ እንደያዙ ዞረው «የሚሰበረው እንጨት መሰለህ እንዴ ደምሰው? ልጅ እኮ ነው!» ሲሏቸው ጋሼ ደምሰው ሪሞቱን ከአንድ ኪሳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

ናቲ ግን በሁለቱም በኩል ተዋጣለት። ኳስ ተቀብሎ አግብቶ ሳያርፍ፣ ያኛው ቡድን የወረወረውን ኳስ ዘልሎ ይነጥቅና እንደገና ይሮጣል። የቴሌቪዥኑ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለ ተጫዋች አናይም እያሉ የአባቴን ስም በየሳምንቱ በአዲስ መንገድ ያበላሹት ነበር። ፌርፋክስ ላይ አባዬን የሚያውቁ መኪና ነጂዎች ጡሩምባ እየነፉለት ያልፋሉ፤ ፀጉር ቆራጩ የናቲን ፎቶ መስተዋቱ ላይ ለጠፈ፤ ጋሼ ደምሰው እንኳ ሳይታወቃቸው ወንበር ላይ ቆመው «ድፌንስ!» ብለው መጮህ ጀመሩ። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ንግሥት ነበርኩ።

እናቴ ብቻ ከሳች። ዱሮ ናቲ ሲያጠቃ ፈርታ ሲቀመጥ ታርፍ ነበር፤ አሁን ማረፊያዋ ጠፋ። እሱ ሲያጠቃ ለእሱ ትፈራለች፣ ሲከላከል ደግሞ ለሚጥላቸው ልጆች ትፈራለች፤ «እኔን! የእናቱን ሆድ!» እያለች። ተቃራኒ ቡድን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳት ብሞክር «እነሱስ ከድንጋይ ነው የተወለዱት?» ትለኛለች። ፍርሃቷም ደብል ገባ።

ከዚያ የኅዳሩ ቅዳሜ መጣ። ማርከስ የሚባል የዚያኛው ቡድን ልጅ ኳስ ሊቀበል ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ ሲሮጥ ናቲ ከጎን በሙሉ ኃይሉ መጥቶ መታው። ሕጉ የሚፈቅደው ምት ነው፤ ፊሽካ እንኳ አልተነፋም። ምግብ ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ፣ ጋሼ ደምሰው ሁለት እጃቸውን አንሥተው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ከዚያ እጃቸው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ማርከስ አልተነሣም። ጣቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ያን ያህል ጊዜ የሠለጠነ ፊቴ ያኔ ከዳኝ።

«ናቲ ነው?» አለች እናቴ።

«አይደለም። ናቲ አይደለም።»

«ማነው ታዲያ?»

«ሌላ ልጅ።»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ስክሪኑ ላይ ናቲ ሄልሜቱን አውልቆ፣ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ሣሩ ላይ ደፍቶ ነበር። ከዚያ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሄደና አንዲት ሴት አሳየን፤ ቦርሳዋን ጥላ፣ ሰው እየገፋች ደረጃውን ወደ ታች የምትሮጥ። ማን እንደሆነች ማንም አልነገረንም፣ ማንም አልጠየቀም። እናቴ በጠረጴዛዎቹ መሃል አልፋ ቴሌቪዥኑ ስር ሄደችና መዳፏን አንሥታ ሴትዮዋ ላይ አስቀመጠች። «እኔን» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «እኔን እህቴን።» የማርከስን አንገት አስረው በትንሽ መኪና ሲያወጡት፣ ናቲም ወደ ጨዋታው ሲመለስ፣ እጇን አላነሣችም። ናቲ ከዚያ በኋላ የተወረወረለትን ኳስ ሁሉ ጣለ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ወደ አባ ሄደች። በጸሎት ስሙ የሚጠራላት አንድ ልጅ እንዳለ ነገረቻቸው።

«ኦርቶዶክስ ነው?» አሉ አባ።

«ልጅ ነው፣ አባ።»

አባ ጢማቸውን ዳበሱ። «የክርስትና ስሙስ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ አስተርጓሚ ነኝና። «ማርከስ ነው ስሙ» አልኩ። እናቴ አፍራ መሬት መሬት ማየት ስትጀምር አባ ፊታቸው በራ። «እንዴ! ማርቆስ ነው እንጂ! ወንጌላዊው!» አሉ። «የምን መጨነቅ ነው፣ ስም አለው እኮ።» እናቴ እዚያው ቆማ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ማርከስ የሚባል ሰው የለም፤ ማርቆስ ነው። ከሳምንት በኋላ እጅና እግሩን እንደሚያንቀሳቅስ፣ ቆይቶም በእግሩ ከሆስፒታል እንደወጣ ሰምተን እልል ብንልም ማርቆስን ከጸሎቷ አላወጣችውም። «ድኗል እኮ» ስላት «እናቱ ድናለች?» አለችኝ።

ከአባ ጋር በተነጋገርንበት በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ናቲ ቤት መጣ። ምስር ወጥ ቀረበለት፣ አልነካውም። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ተቀመጠ። ለሚቀጥለው ዓመት አሠልጣኙ አንዱን ብቻ ምረጥ እንዳለው ነገረን፤ ሰውነቱ ሁለቱን አይችልም ብሎታል። ትልልቆቹን ቡድኖች ወክለው ተጫዋች የሚያዩ ሰዎች ደግሞ ወደፊት እንጀራህ ያለው በዲፌንስ በኩል ነው ብለውታል፤ በመምታቱ በኩል። አባዬ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«እማዬ፣ አንቺ ምረጪልኝ» አለ ናቲ። «ልምታ ወይስ ልመታ?»

የናቲ አማርኛ ሁልጊዜ ይምታታበታል፤ «በላሁ» እና «ተበላሁ» እንኳ ያቀያይር ነበር፣ እኔም እስቅበት ነበር። ያን ቀን ግን ሁለቱን ቃላት እንዳይቀላቀሉበት ለየብቻ፣ እንደ ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸው። ልዩነታቸው እኮ አንዲት ፊደል ናት። ምታ ብትለው የሴትዮዋ ሩጫ አለ፤ ተመታ ብትለው ደግሞ የትኛዋ እናት ናት ይህን በአፏ የምታወጣው?

እናቴ ጉልበቷ ላይ ያለውን ፎጣ አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው።

«ምታ ብዬ አላሳደግኩህም» አለች። «ተመታ ብዬም አልወለድኩህም። ይህን ከእኔ አፍ አትጠብቅ።» ቆይታ ደግሞ፣ «ስትመርጥ ግን ንገረኝ። ለማን እንደምሰጋ ልወቀው» አለችው።

የአሜሪካው ክረምት አልፎ ፀደይ እስኪገባ ናቲ ምንም አላለም፤ እናቴም አልጠየቀችም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን እጇን እያደራረቀች ትነሣለች፣ ሌላ ሰው ሲሆን ትቀመጣለች። በመጨረሻ የደወለ ቀን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። «ለእማዬ ንገሪያት፣ ልመታ ነው» ብሎ ዘጋው። ስነግራት «ተመስገን!» አለች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፤ ወዲያው ደግሞ እጇ አየር ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። «ምን ሆኜ ነው?» አለች። «ልጄ ሊመታ ነው ሲሉኝ ተመስገን አልኩ?» መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያልለየለት ድምፅ አውጥታ ወጥ ቤት ገባች።

የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ቅዳሜ እትዬ ጥሩወርቅ ጋ መቀመጫ አልነበረም። ናቲ አጠቃ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፤ ከዚያ ኳሱ ወደ ሌላው ቡድን አለፈ። ናቲ ከሜዳው ወጣ፣ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ወደ አግዳሚው ሄደ።

«ተቀመጠ» አልኩ።

ብታዩት! እትዬ ጥሩወርቅ እልልታውን አቀለጡት፤ ጋሼ ደምሰው አጨበጨቡ፣ አባዬ «ሺፍቱን ጨረሰ!» ብሎ ጮኸ፤ እዚያ ቤት ናቲ ብዙ ጎል አግብቶ ያውቃል፣ በመቀመጡ የተጨበጨበለትን ያህል ግን ተጨብጭቦለት አያውቅም። እናቴ ወንበሯን አዞረች፤ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ጀርባዋን ወደ እኔ። ሻይዋን ሳይቀዘቅዝ ጠጣችው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቴን እንደፈለግኩ ማድረግ ቻልኩ፤ የሚያየው ግን አልነበረም። ሥራዬን አጣሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላው ሲያጨበጭብ እኔ ስክሪኑን አይ ነበር፤ ናቲ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን ሜዳው ላይ ተክሎ ተቀምጧል፤ ከአግዳሚው ስር እግሮቹ ሳያቋርጡ ይርገበገባሉ።

ከዚያ በኋላ ናቲ ጥሩ ተቀባይ ነበር። ጥሩ ተቀባይ ደግሞ ብዙ ነው። ተናጋሪዎቹ ስሙን ማበላሸት ተዉ፤ ምክንያቱም መጥራቱንም ተዉት። ፀጉር ቆራጩ መስተዋት ላይ ሌላ ልጅ ተለጠፈ። ሊወስዱት ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች አልመጡም፣ ናቲም ትምህርቱን ጨርሶ በርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ገባ። ጉልበቱ ደህና ነው፣ አንገቱ ደህና ነው፣ ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ እናቴ አሁንም ሲመጣ በዓይኗ ትፈትሸዋለች። የእትዬ ጥሩወርቅ ቤት በሌላ ሰው እጅ ገብቷል፤ ጋሼ ደምሰው ወደ እንግሊዝ ኳሳቸው ተመልሰዋል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያስደነግጥ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያስቆም ልጅ ከዚያ ወዲህ ፌርፋክስ ላይ አላየሁም፤ ፍርሃቱን ልመኘው አልችልም፣ ግን ያኔ የነበረውን ያህል አንድ ላይ ሆነን አናውቅም። ናቲን ከነሙሉ አካሉ ይዘነዋል። ያ ከሜዳ የማይወጣው ናቲ ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ያ ሰው የት እንደሄደ ናቲ ራሱ አልነገረንም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ናቲ ቤት ይመጣና የኮሌጅ ጨዋታ አብረን እናያለን። የሚጫወቱትን ልጆች አያውቃቸውም፣ ማንንም አይደግፍም። ኳሱ ወደ ሌላው ቡድን ሲያልፍ ግን ሁልጊዜ ከሶፋው ይነሣል። «ውሃ ልጠጣ ነው» ይላል፣ ወደ ወጥ ቤት ግን አይሄድም፤ ሳሎኑ መሃል፣ እንደ ተከላካይ እጁን ከፈት አድርጎ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ይቆማል። እናቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ «ተቀመጥ እንጂ ልጄ» ትለዋለች።

ይቀመጣል።